ለሰርግ ፎቶ የስንት ጊጋ ሜሞሪ ልግዛ?

ጥያቄው የመጣው አጋሮ ከሚሠራ ወጣት ፎቶ አንሺ ነው። «ጋሼ፣ እስካሁን የምሠራው በአንድ አሮጌ 32 ጊጋ ሜሞሪ ነው። ሰርጉ መሀል እየሞላ ያስጨንቀኛል። ጅማ መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ 256 ጊጋ አሳዩኝ፤ ላዩ ላይ 170 የሚል ቁጥር አለው። በዚያው ብር ሦስት 64 ጊጋም ይሰጡኛል። ካሜራዬ ካኖን ሲክስ ዲ ማርክ ቱ ነው፤ በሮው አነሳለሁ፣ አንድ ሰርግ ላይ እስከ ሁለት ሺህ ፎቶ ይደርሳል። ወንድሜ ደግሞ በሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ቪዲዮውን ይቀርጻል። ትልቁን ገዝቼ ልገላገል ወይስ ትንንሾቹ ይሻላሉ?»

ወንድሜ፣ ለአንተ ሦስቱን 64 ግዛ። የወንድምህ ጉዳይ ስለሚለይ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሂሳቡን እናስቀድም። ካሜራህ 26 ሜጋፒክስል ነው። አንዱ የሮው ፎቶ (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) እንደምታነሳው ነገር ከፍ ዝቅ ቢልም 30 ሜጋ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ሺህ ፎቶ 60 ጊጋ ይሆናል ማለት ነው። ሮውና ጄፔግ (ተቀናብሮና ተጨምቆ የሚቀመጠው) አንድ ላይ የምታነሳ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ ሰባት ስምንት ሜጋ ጨምርበት። 64 ጊጋ የተባለውን ካርድ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው 59 ከምናምን ብሎ ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ አልተሸወድክም። አምራቹ ጊጋን በሺህ እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024፤ ልዩነቱ ከዚያ የሚመጣ ነው።

ጥያቄው «ስንት ፎቶ ይችላል?» ብቻ ቢሆን ኖሮ 256ቱን ግዛና እረፍ እልህ ነበር፤ ከስምንት ሺህ በላይ ፎቶ ይይዛልና። እኔ ካርድ ስመርጥ የምጠይቀው ግን ይህ ካርድ ዛሬ ማታ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ምን ይዞብኝ ይሄዳል የሚለውን ነው። ያንተ ካሜራ የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው። እያነሳህ ሳለ ሁለተኛ ቅጂ የሚያስቀምጥልህ ነገር የለም። ጠዋት ገጠር የሙሽራዋ ቤት ያነሳኸው፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ ከሰዓት ጅሬን ወጥታችሁ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያነሳኸው፣ ማታ አዳራሹ፣ በማግስቱ መልሱ፣ ሁሉም ጥፍር በምታክል አንዲት ፕላስቲክ ላይ ይሆናል። ቅዳሜ ሌላ ሰርግ ካለህና «ገና አልሞላም» ብለህ በዚያው ከቀጠልክ ደግሞ ሁለት ቤተሰብ እዚያው ካርድ ላይ ነው። ትልቅ ካርድ ሰውን የሚያዘናጋው በዚህ ነው፤ ቶሎ ስለማይሞላ ቶሎ ወደ ኮምፒውተር አይገለበጥም።

ካርድ ሲበዛ ከመካከላቸው አንዱ የመበላሸት ዕድሉ እንደሚጨምር አውቃለሁ። አንዳንድ ባለሙያዎች ትልቁን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው፣ ሐሳባቸውም መሠረት አለው። መቀያየሩ ራሱ አደጋ አለው፤ ቀዩ መብራት ብልጭ እያለ ክዳኑን መክፈት፣ ካርዱን ሣር ላይ መጣል፣ ያልተገለበጠውን ባዶ መስሎ ፎርማት ማድረግ። እነዚህ ግን በሥርዓት የሚከለከሉ ነገሮች ናቸው። ሰርግ ደግሞ አይደገምም። የአዳራሹ ፎቶ ቢጠፋና የቤቱና የጅሬኑ ቢተርፍ ሙሽሮቹን ቀርበህ ማነጋገር ትችላለህ። ሁሉም ከጠፋ ምን ብለህ ነው በራቸውን የምታንኳኳው?

ስለዚህ ካርዱን ሲሞላ ሳይሆን ፕሮግራሙ ሲቀየር ቀይር። ከሙሽራዋ ቤት ወጥታችሁ መኪና ውስጥ ስትገቡ አንደኛውን አውጣ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች ሳባት፣ በመያዣው ውስጥ ፊቱን አዙረህ አስቀምጥ። የተቆለፈና ፊቱ የዞረ ካርድ «ተነስቶበታል» ማለት ነው፤ በስህተት ካሜራው ውስጥ ብትመልሰው እንኳ አያስነሳህም። ሁለተኛው ለጅሬንና ለአዳራሹ ይሁን፣ ሦስተኛው ለመልሱ ወይም ለመጠባበቂያ። መያዣውን ከካሜራ ቦርሳው ለይተህ ኪስህ ውስጥ ያዘው። ቦርሳ ይሰረቃል፣ ሚኒባስ ላይ ይረሳል።

በዚህ አከፋፈል አንድም ካርድ ላይሞላ ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ 64ቱን ነው የምመርጠው፤ ዘፈኑ ሲደራ ትርፍ ቦታ መኖሩ እጅህን ያዝናናዋል። ያ የቆየው 32 ጊጋህ ጤነኛ ከሆነ ሺህ ያህል ሮው ይይዛልና አትጣለው፣ አራተኛ አድርገው። ከዚያ በታች ያሉትን 8 እና 16 ጊጋዎች ግን ለሰርግ አትያዛቸው፤ በየደቂቃው መቀየር ቀለበቱን ያሳልፍሃል።

ከ32 ወደ 64 ስትሻገር አንድ ነገር ይቀየራል። እስከ 32 ጊጋ ያሉት ኤስዲኤችሲ ይባላሉ፤ ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራ ኤስዲኤክስሲ ይባላሉ፣ የሚጠቀሙትም ኤክስፋት የተባለውን የፋይል አሠራር ነው። አሮጌ ካርድ ሪደር (ካርዱን ኮምፒውተር ላይ የምትሰካበት ዕቃ) ወይም የቆየ ኮምፒውተር ይህንን ላያውቀው ይችላል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ዲስኩን ፎርማት ላድርገው ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። በምንም ምክንያት እሺ አትበል። ካርዱ አልተበላሸም፣ ፎቶውም አልጠፋም፤ ሪደሩን ወይም ኮምፒውተሩን ቀይር።

አሁን ወደዚያ 170 ልምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የሚያሳይህ ትልቁ ቁጥር ካርዱ የሚነበብበት ፍጥነት ነው፣ በሰከንድ በሜጋባይት። አንተን ካሜራው ላይ የሚመለከትህ የሚጻፍበት ፍጥነት ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያነሰ ስለሆነ በትልቁ አይጻፍም። ከዚህም ሌላ ካሜራህ የሚያውቀው ዩኤችኤስ አንድ የተባለውን ደረጃ ነው፤ የዚያ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው። ከዚያ በላይ የተጻፈው በአምራቹ ልዩ ካርድ ሪደር ስትገለብጥ ይጠቅምህ ይሆናል እንጂ እያነሳህ ሳለ ምንም አይጨምርልህም። ከጀርባው ሁለት ረድፍ መዳብ ያለው ውዱ ካርድ፣ ዩኤችኤስ ሁለት የሚሉት፣ ላንተ ካሜራ ትርፍ ወጪ ነው። ይሠራል፣ ግን በአንደኛው ረድፍ ብቻ።

የመጻፍ ፍጥነት ለምን እንደሚያስፈልግህ ቀለበት ሲደረግ ታየዋለህ። ካሜራህ በሰከንድ እስከ ስድስት ተኩል ፎቶ ያነሳል፣ ይህም በሮው በሰከንድ ወደ 195 ሜጋ ይጠጋል። እንዲህ የሚፈጥን ካርድ ያንተ ማስገቢያ ላይ የለም። ስለዚህ ካሜራው ፎቶዎቹን መጀመሪያ ውስጡ ባለው ጊዜያዊ ማጠራቀሚያ ይይዛቸውና ቀስ እያለ ወደ ካርዱ ያወርዳል። አጋሮ ያደግህ ስለሆንክ ይገባሃል፦ እሸት ቡና በመኪና መጥቶ ገንዳው ላይ በአንዴ ቢራገፍም መፈልፈያው የሚበላው በራሱ አቅም ነው፤ ገንዳው ከሞላ ቀጣዩ መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ያንተ ካሜራ ገንዳ ሃያ ገደማ ሮው ይይዛል፣ 600 ሜጋ በለው። በሰከንድ 80 ሜጋ የሚጽፍ ካርድ ይህንን በስምንት ሰከንድ ያራግፈዋል። 20 ሜጋ ብቻ የሚጽፍ ግን ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቀለበቱ ገብቶ፣ ሙሽራዋ አልቅሳ፣ እናትየው ስመዋት አልቋል፤ አንተ ጣትህን መዝጊያው ላይ እንደተጫንክ ነህ።

ካርዱ ላይ ዩ ቅርጽ ውስጥ 3 ቁጥር ያለበትን ወይም ቪ 30 የሚለውን ፈልግ። ሁለቱም ቪዲዮ ሲቀረጽ በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት በታች እንደማይወርድ ዋስትና የሚሰጡ ምልክቶች ናቸው። በክብ ውስጥ 10 ብቻ የተጻፈበት ዋስትናው 10 ሜጋባይት ነው፣ ለሰርግ አይበቃም። ቪ 60 እና ቪ 90 ለከባድ ቪዲዮ ናቸው፣ አንተም ወንድምህም አያስፈልጓችሁም።

ወንድምህ ኤ ሰቨን ስሪ ላይ በፎር ኬ በከፍተኛው ጥራት ሲቀርጽ ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው። ቢትና ባይት አንድ አይደሉም፤ ለስምንት አካፍለው፣ 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። በሰዓት 45 ጊጋ ማለት ነው። እሱ 128 ጊጋ ቢይዝ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይቀርጻል፣ ሁለት በየተራ ቢጠቀም ደግሞ እጥፉን ይቀርጻል። ካሜራው ለዚህ ጥራት ዩ 3 ካርድ ይጠይቃል፣ አለበለዚያ አይቀርጽለትም። የሱ ካሜራ ሁለት ማስገቢያ ስላለው በሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ ያስተካክለው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ የሚይዙት አንድ ዓይነት ቅጂ ስለሆነ ሰዓቱ አይጨምርም፤ መጠናቸውም እኩል ይሁን፣ ትንሹ ሲሞላ ቅጂው ያበቃልና። ረጅም ስብሰባ ወይም የዩኒቨርሲቲ ምርቃት የሚቀርጽ ሰው በሁለት ማስገቢያ 256 ቢይዝ አልቃወምም። እኔ የምከለክለው አንድ ማስገቢያ ላይ አንድ ትልቅ ካርድ ብቻ ይዞ ሰርግ መሄድን ነው።

የመገልበጡ ነገር ሌላው ምክንያቴ ነው። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ርካሽ ዩኤስቢ ቱ ካርድ ሪደር በሰከንድ 30 ሜጋ ከምናምን ነው የሚያስተላልፈው። ሙሉ 64 ጊጋ በዚህ ግማሽ ሰዓት አለፍ ይላል፣ ሙሉ 256 ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕህ በባትሪ ስንት ይቆያል? አንዱን 64 ጨርሰህ ሌላውን ለነገ ማቆየት ትችላለህ። ትልቁ መሀል ላይ ሲቋረጥ ግን የቱ ተገልብጦ የቱ እንደቀረ መለየት ራሱ ሥራ ነው። ዩኤስቢ ስሪ ሪደር ብትገዛ 64ቱ በ12 ደቂቃ አካባቢ ይወርዳል፣ ከካርዱ ቀጥሎ ገንዘብህን እዚያ ላይ አውል። ስትገለብጥ ኮፒ አድርግ እንጂ ከት አታድርግ። ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱን ፎልደር ክፈትለት፤ ቁጥሩ 9999 ደርሶ እንደገና ከ0001 ስለሚጀምር አንድ ፎልደር ውስጥ ብትደባልቃቸው አንዱ ሌላውን ሊተካው ይችላል። ካርዱን ፎርማት የምታደርገው ፎቶው ሁለት ቦታ ተቀምጦ፣ ከፍተህም ካየኸው በኋላ ነው፤ እሱንም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እዚያው ካሜራው ላይ። በስህተት ካጠፋህ ደግሞ አንድም ፎቶ ሳትጨምር ካርዱን አውጣው፤ ፎቶሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ያወጣልሃል፣ በላዩ ካነሳህበት ግን አይመለስም።

ማይክሮ ኤስዲ በአዳፕተር እየሰኩ ሰርግ የሚያነሱ አሉ። ተው በላቸው። አዳፕተሩ ትንሽ ሲላላ ካሜራው መሀል ላይ ካርድ የለም ይልሃል።

የቀረው ትልቁ ነገር ሐሰተኛ ካርድ ነው። 256 ተብሎ የሚሸጠው ውስጡ 32 ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ውስጥ ያለችው መቆጣጠሪያ እንድትዋሽ ተደርጋ ተስተካክላለችና ካሜራውም ኮምፒውተሩም 256 ብለው ያምናሉ። እስከ እውነተኛው ልክ ደህና ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ የምታነሳው ወይ የድሮውን ይደመስሳል ወይ የትም አይጻፍም። ካሜራው ግን የተለመደ ሥራውን እየሠራ ይመስላል። ጉዱን የምታውቀው ቤት ገብተህ ፎቶው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ወይም አልከፈት ብሎ ሲቀር ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ታዋቂ ስም አይጠብቅህም፣ ማሸጊያም ይታተማል። በጣም የረከሰ ትልቅ ካርድ ካየህ ደግሞ ከመጀመሪያው ተጠራጠር።

ማረጋገጫው አንድ ነው፤ ሙሉውን ሞልቶ መልሶ ማንበብ። ለዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ለሊኑክስና ለማክ ደግሞ ኤፍ ስሪ። ባዶ ካርዱን ስካው፣ ሙሉውን ቦታ እንዲፈትን እዘዘው፣ ከዚያ ተወው። በሰከንድ 20 ሜጋ የሚጽፍ ቢሆን 64ቱ ለመጻፍ ብቻ ከ50 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፣ ማንበቡ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ማታ ብታደርገው ይሻላል። ሲጨርስ የተጻፈበትንም የተነበበበትንም ፍጥነት ስለሚነግርህ ያ የመጻፍ ቁጥር እውነት መሆኑን በዚያው ታያለህ። ሦስቱንም እንዲህ ሳትፈትን ለሥራ አታውጣቸው።

ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ባለሱቁን «ፈትኜው ስህተት ካወጣ ትመልስልኛለህ?» ብለህ ጠይቀው፤ ካቅማማ ሌላ ሱቅ ሂድ። እሺ ካለህ ደረሰኝህን ተቀበል፣ ማሸጊያውን ሳትቀድ በጥንቃቄ ክፈተው፣ ፈተናውንም ለነገ ሳታሳድር በዚያው ማታ አድርገው።