«ጊፍት» የምትባል ቃል ስምንት ወር አስከፈለችኝ፦ ለጠያቂዋ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሀምቡርግ ወደ ማልሞ ልትዛወሪ ነው። በእንግሊዝኛ «ጊፍት» ስጦታ መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቂያለሽ። ጀርመን ስትገቢ መርዝ ነው አሉሽ። አሁን ደግሞ አንድ የስዊድን ፎርም ላይ ያቺኑ ቃል አየሻት። «ቃሉ አንድ ነው ወይስ ሦስት? ከየት ነው የመጣው?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ጉግል አድርጊ» ብለውሽ አልፈዋል። እኔ ጉግል ባለማድረጌ ስምንት ወር ተቀጥቻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። እንዲመችሽ በቁጥር አደርገዋለሁ።

1. ቃሉ አንድ ነው። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናቲቱም «መስጠት» ናት። እንግሊዞች «ጊቭ» ይላሉ፣ ጀርመኖች «ጌበን»፣ ስዊድኖች «ዬ»። ሁሉም መስጠት ነው። «ጊፍት» ከሥሩ «የተሰጠ ነገር» ማለት ነው። ይህን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

2. ጀርመኖቹ ስጦታን መርዝ ያሉት ከክፋት አይደለም። ነገሩን ያመጣው የሕክምና መጽሐፍ ነው። ግሪኮች ሐኪም ለበሽተኛ የሚሰጠውን መጠን «ዶሲስ» ይሉታል። ቃሉ በቀጥታ «መስጠት» ነው። እኛም «ዶዝ» የምንለው እሱኑ ነው። የድሮ ጀርመኖች ይህን በራሳቸው ቃል ሲመልሱት «ጊፍት» አሉት። ለሰው በጽዋ የሚሰጥ ሁሉ ግን አያድንም። ገዳዩንም በደፈናው «የተሰጠው» ማለት ለመዱ። ለብዙ መቶ ዓመታት ስጦታም መርዝም ሆኖ ኖረ። በመጨረሻ መርዙ አሸነፈ። ስጦታው የቀረው «ሚትጊፍት» ውስጥ ተሸሽጎ ነው፤ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛው የምትወጣው ሀብት። «ዳስ ጊፍት» ብለሽ ተምረሽ «ዲ ሚትጊፍት» ሲሉሽ ግራ የገባሽ ለዚህ ነው። «ዳስ» ሴትም ወንድም ላልሆነ ስም የሚቀድም ጾታ መለያ ነው፣ «ዲ» ለሴት። ያቺ «ዲ» የድሮው የስጦታ ዘመን ትራፊ ናት።

ፓራሴልሰስ የሚባለው የስዊስ ሐኪም በ1538 ሁሉም ነገር መርዝ ነው፣ መርዝ አለመሆኑን የሚወስነው መጠኑ ብቻ ነው ብሎ ጽፏል። መርዝን «ጊፍት»፣ መጠንን «ዶሲስ» ነው ያለው። ሁለቱም ከ«መስጠት» የመጡ ቃላት ናቸው። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን ላይብረሪ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

3. ስዊድን። የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

ጀርመን ስድስት ዓመት በጽዳት ሥራ ኖሬያለሁ። የኬሚካሉ ቁም ሳጥን ላይ የራስ ቅል ተስሎ ከሥሩ «ጊፍት» ተብሎ ተጽፏል። ያ ጽሑፍ ዓይኔ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ጎተንበርግ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ፎርም ሰጡኝ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ። ከዚያ ትንንሽ ሳጥኖች መጡ፦ «ጊፍት»፣ «ኦጊፍት»፣ ሌሎችም። አጠገቤ የተቀመጠ የሶማሊያ ልጅ «ላግዝህ?» አለኝ። «ጀርመንኛ እችላለሁ፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። ያቺን ኩራቴን ዛሬም ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል።

እንግዲህ አሰብኩ። ጊፍት መርዝ ነው። ፊት ያለችው «ኦ» ደግሞ ማፍረሻ መሆን አለባት። (እሷንስ አልተሳሳትኩም።) ስለዚህ ከኬሚካል ጋር ሠርተሃል ወይ ነው የሚሉኝ። ወይም ሱስ አለብህ ወይ። እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ። «ኦጊፍት» ላይ ደማቅ ኤክስ አስቀመጥኩ። ፈረምኩ። ለሶማሊያው ልጅም ፈገግ አልኩለት።

«ኦጊፍት» ያላገባ ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት ባለቤቴ ከደሴ ማመልከቻ ስታስገባ ነው። እሷ «ባለቤቴ» ብላ ጽፋለች። እኔ በገዛ እጄ ላጤ ነኝ ብያለሁ። ይብራራ የሚል ደብዳቤ ለሁለታችንም መጣ። መስኮቱ ጋ ሄጄ «መርዝ የሚል መስሎኝ ነው» አልኳት ሴትዮዋን። ጓደኛዋን ጠርታ ድገምላት አለችኝ። ደገምኩ። ተሳሳቁ። «ታዲያ ሚስትህ መርዝ ናት?» አለችኝ።

ይህ ቀልድ ስዊድን ውስጥ ያረጀ ቀልድ ነው። መርዝና ባለትዳር በቋንቋቸው አንድ ቃል ስለሆኑ ሁሉም ይቀልደዋል። አንቺንም ገና መቶ ጊዜ ይነግሩሻል፣ እንደ አዲስ ሳቂላቸው። ግን የሰው ትዳር መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ይቀለዳል? ሳቃቸውን ጨርሰው የሚቀጥለውን ቁጥር ጠሩ። ከዚያ የጋብቻ ወረቀቱን እንደገና ማውጣት፣ ማህተም ማስመታት፣ ማስተርጎም፣ መላክ፣ መጠበቅ። ስምንት ወር።

የመሥሪያ ቤቱስ ይቻላል። የደሴው ባሰ።

«ያላገባሁ ነኝ ብለህ ፈርመሃል?» አለችኝ ባለቤቴ በስልክ።

«ኧረ እኔ መርዝ የሚል መስሎኝ ነው!»

«መርዟ እኔ ነኝ?»

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ተሰበሰበ። ስልኩ ስፒከር ላይ ተደርጎ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ የሲኒው ድምፅ ይሰማኛል። አማቴ «ልጄን መርዝ አላት» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ስለ ጀርመንኛ አስረዳለሁ። አንዱ ሽማግሌ «ቆይ እንጂ፣ የስዊድን ወረቀት ላይ ጀርመንን ምን አገባው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ያዳኑኝ የባለቤቴ አባት ናቸው። ባለሱቅ ናቸው፣ ነገር አያበዙም። «እኔ ሱቅ ውስጥ የአይጥ መድኃኒት እሸጣለሁ» አሉ። «ምነው፣ አይጧን ላክማት ነው? መርዝ ነው እኮ። እኛ መርዙን መድኃኒት ካልን፣ እነሱም የፈለጉትን ይበሉታ!» ቤቱ ሳቀ። ቀጥለው «ለመሆኑ መርዝና ትዳር በምን ተገናኙ?» ብለው ጠየቁኝ። የስዊድንኛ አስተማሪዬ ያስረዳችኝን ነገርኳቸው። ሥሩ መስጠት ነው፤ ድሮ አባት ልጁን ለባል ሲሰጥ «ጊፍት ሆነች» ይባል ነበር፤ ተሰጠች ማለት ነው፤ ኋላ ለወንዱም ሆነ፤ መርዝ የሚለው ደግሞ በጀርመኖች በኩል ገብቶ የተደረበ ነው አልኳቸው።

«እና ይሄ ምኑ ይገርማል?» አሉ። «አንተ ልጄን ከየት አመጣሃት? እኔ አይደለሁም የሰጠሁህ?»

ከዚያ ወዲያ አማቴም ለቅሶውን ተዉት።

ስንተኛ ቁጥር ላይ ነበርኩ? ይሁን። የቃሉን ምንጭ ጠይቀሻልና ልቀጥል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ እልህ ሆኖብኝ ብዙ አንብቤያለሁ።

እንግሊዞቹም ንጹሕ አይደሉም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ የሠርግ ቃል ነበር። ለሙሽራ የሚከፈል ዋጋ ማለት ነው፤ በብዙ ቁጥር ሲነገር ደግሞ ራሱ ሠርግ። የሚያነቡትም «ዪፍት» ብለው ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን ከስካንዲኔቪያ የመጡት ቫይኪንጎች እንግሊዝ አገር ሰፈሩ። ጠንከር ያለችውን «ጊ» እና ስጦታ የሚለውን ትርጉም ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው። ሰሜኖቹ ለእንግሊዝ «ጊፍት»ን ሰጥተው፣ ስዊድኖች ራሳቸው ኋላ አለስልሰው «ዪፍት» ማለት ጀመሩ። እንግሊዞች የተዉትን አነባበብ እነሱ ያዙት ማለት ነው።

ኦ፣ ይህን ልብ በዪ፦ ስዊድን ውስጥ «ጊፍት» ብለሽ እንዳታነቢ። «ዪፍት» ነው። «ኦጊፍት» የሚመስለውም ሲነበብ «ኡዪፍት» ነው። እኔ አፌን ሞልቼ «ጊፍት ነኝ» ስላቸው ሁለት ሳምንት ማንም አልገባውም።

ሮተርዳም ያለ ጓደኛዬ ይህን ታሪኬን ስነግረው ሊሞት ደረሰ። የሆላንድ የግብር ፎርም ላይ ቃሉ ለበጎ አድራጎት የሰጠኸው ገንዘብ ማለት ነው። የሚነበበው ከጉሮሮ ነው፣ «ኺፍት»። መርዝን «ፈርኺፍ» ይሉታል። ይቅርታ ደግሞ «ፈርኺፈኒስ»። መርዝና ይቅርታ በአንድ ፊደል ሰፈር! ይቅርታም የሚሰጥ ነገር ነው መቼስ። ዴንማርክና ኖርዌይ ያሉት እንደ ስዊድን ናቸው፤ ባለትዳርም መርዝም አንድ ነው። ዴንማርኮች ግን «ጊ»ዋን አላለሰለሷትም።

ፈረንሳዮችም ሌላ መንገድ ይዘው እዚያው ደርሰዋል። «ፗዞን» መርዝ ነው፤ የመጣው ግን መጠጥ ከሚል የላቲን ቃል ነው። እኛስ ሰው ሲለወጥብን «ምን አጠጡት?» እንል የለም? ግሪኮችም «ፋርማኮን» ብለው መድኃኒቱንም መርዙንም በአንድ ስም ጠርተዋል። የአማቼ ሱቅ ማለት ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ባልሽ ገና አገር ቤት ነው መሰለኝ። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከቃሉ ፊት ያለውን እዪ። አብዛኛውን ጊዜ «ኤት» ካለ መርዝ ነው፣ «ኤር» ካለ ባለትዳር። «ኤት ዪፍት» አንድ መርዝ፤ «ሁን ኤር ዪፍት» አግብታለች። «ዪፍታ ሴይ» ማግባት ነው። «ዪፍቲግ» መርዛማ ነው፤ ለሰው እንዳትዪ። «ሮትዪፍት» ያው የአይጥ መድኃኒት። ልጅ ካለሽና የማይጠጣ ነገር ከጠጣብሽ 112 ደውለሽ «ዪፍትኢንፎርማሹን» በዪ፤ ከመርዝ መረጃ ማዕከሉ ጋር ያገናኙሻል። እዚያ ጋ ስለ ትዳር አይጠይቁሽም።

ፎርም ላይ «ሳምቦ» የሚል ካየሽ ሳይጋቡ አብሮ የሚኖር ማለት ነው። እሱን በስህተት የሞላ ሰው አውቃለሁ፤ የእሱን ሽማግሌ ራሴ ሆኜ ነው የጨረስኩት። አሁን እዚህ ከተማ ፎርም ለማያነብ ሐበሻ ሁሉ የምሞላው እኔ ነኝ፣ በነፃ። ያቺ የመስኮት ሴትዮ አንድ ቀን ስታየኝ «ደግሞ መጣህ?» አለችኝ። «አዎ፣ ዪፍት ነኝ» አልኳት፣ አነባበቡን አሳምሬ።

ጀርመንኛ መቻልሽን ግን ማልሞ ባቡር ጣቢያ ላይ ትተሽው ግቢ። ፎርሙን ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

ቆይ፣ አሁን ጥያቄሽን እንደገና ሳየው ስለ ባል ምንም አላልሽም ለካ። ካላገባሽ «ኦጊፍት» ላይ ኤክስ አድርጊና ሳትፈሪ ፈርሚ።