የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አይሁድ ለአገር መሪዎች ሲጸልዩ የሚለምኑት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። በቅርቡ የአንድ አይሁዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ባር ሚጽቫ (ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የሚከበረውን የሃይማኖት በዓል) ሲያከብር ተጋብዤ ምኩራብ ሄጄ ነበር። ከኦሪት ንባብ በኋላ ጉባኤው ተነሥቶ ለአገሪቱ መሪዎች ጸለየ። ይህ ልማድ ከየት መጣ? መሪው ፍርድ የሚያጓድል ቢሆንስ፣ ለእርሱ መጸለይ ድጋፍ መስጠት አይሆንም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የልማዱ መሠረት ነቢዩ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተጋዙት ወገኖቹ የላከው፣ በትንቢቱ 29ኛ ምዕራፍ የሚገኘው ደብዳቤ ነው። ነቢዩ ምርኮኞቹ ቤት እንዲሠሩና አትክልት እንዲተክሉ ከመከረ በኋላ፣ የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ፣ ስለ እርሷም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል፤ በእርሷ ሰላም እነርሱም ሰላም ያገኛሉና። ከተማዪቱ ያፈለሳቸው የናቡከደነፆር መዲና መሆኗን ልብ ይበሉ። ከብዙ ዘመን በኋላም የካህናት አለቃ ምክትል የነበረው ረቢ ሐኒና፣ የመንግሥት ፍርሃት ባይኖር ሰው ባልንጀራውን ከነሕይወቱ ይውጠው ነበርና ስለ መንግሥት ደኅንነት ጸልዩ ሲል አስተምሯል። ሁለቱም ገዢው ደግ ነው አላሉም።

ይሁን እንጂ የጸሎቱ ይዘት በየዘመኑ አንድ ዓይነት አልነበረም። በብዙ የአውሮፓ ምኩራቦች ለዘመናት ሲደርስ የኖረው ጸሎት፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 144ኛ፣ በእኛ ዳዊት 143ኛ ከሆነው መዝሙር ቃል ተውሶ «ለነገሥታት መድኃኒትን የሚሰጥ» ብሎ ይጀምራል። የንጉሡ ክብር ከፍ እንዲል፣ ጠላቶቹ በፊቱ እንዲወድቁ ከለመነ በኋላ፣ በንጉሡና በአማካሪዎቹ ልብ ለእስራኤል ርኅራኄ እንዲያድር ይጠይቃል። ከእንግሊዝ በ1290 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተባረሩት አይሁድ እንዲመለሱ ለመለመን የአምስተርዳሙ ረቢ መናሴ ቤን እስራኤል በ1655 ለእንግሊዝ ገዢ ለኦሊቨር ክሮምዌል ባቀረበው ጽሑፍ ይህንኑ ጸሎት ያካተተው፣ ወገኖቹ ለሚኖሩበት መንግሥት ታማኝ መሆናቸውን ለማስረዳት ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ የተጠጊ ጸሎት ነው፤ ነገ ሊባረር የሚችል ሰው ከንጉሥ የሚሻው በመጀመሪያ ምሕረት ነውና፣ ፍትሕ የሚለው ነገር በነባሩ ቃል ውስጥ በስሙ እንኳ አለመጠራቱ አያስገርምም።

በአሜሪካ ሁኔታው ተለወጠ። በሊቱዌኒያ ተወልዶ በኒው ዮርክ የአይሁድ ሥነ መለኮት ሴሚናሪ ያስተምር የነበረው ሊቅ ሉዊስ ጊንዝበርግ ያዘጋጀው ጸሎት በ1927 ታተመ። በዕብራይስጡ ቃል፣ ጸሎቱ የሚደርሰው የሕዝብን ጉዳይ በታማኝነት ለሚፈጽሙ ለፕሬዚዳንቱ፣ ለዳኞችና ለሹማምንት ሲሆን፣ እግዚአብሔር የጽድቁን ሥርዓት እንዲያስተምራቸውና ቅን ፍርዱን እንዲያስተውሉ እንዲያደርጋቸው ይለምናል። ስለ ጠላት መውደቅ የሚናገረው ቀርቶ፣ ጥላቻና ቅናት ከአገሪቱ ነዋሪዎች ልብ እንዲነቀል ይጠይቃል። እርስዎ የሰሙት ይህ ወይም ይህን የመሰለ ሳይሆን አይቀርም።

ጥበብንና ፍትሕን መለመን ግን የጊንዝበርግ ፈጠራ አይደለም። ሰሎሞን በገባዖን የለመነው በሕዝቡ ላይ ለመፍረድ የሚያስችል አስተዋይ ልብ ነበር፤ ዳዊት የሚደግሙ አንባቢዎቻችንም «እግዚኦ ኵነኔከ ሀቦ ለንጉሥ» (አቤቱ፣ ፍርድህን ለንጉሥ ስጠው) የሚለውን ያውቁታል። አይሁድ በየሥራ ቀኑ ሦስት ጊዜ በሚያደርሱት የአሚዳ ጸሎት አራተኛው ቡራኬ ዕውቀትን ይለምናል፤ አሥራ አንደኛው ደግሞ ከኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ተወስዶ «ዳኞቻችንን እንደ ቀድሞው መልስልን» ይልና ጽድቅንና ፍርድን የሚወድደውን ንጉሥ በማመስገን ይዘጋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ አይሁድ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ይከራከራሉ። በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲመሠረት በዋና ረቢዎቹ በይስሐቅ ሄርዞግና በቤን ጽዮን ዑዚኤል ስም የወጣው ጸሎት፣ እግዚአብሔር ብርሃኑንና እውነቱን ለአገሪቱ መሪዎች፣ ሚኒስትሮችና አማካሪዎች እንዲልክ፣ በበጎ ምክርም እንዲያቀናቸው ይለምናል። መንግሥት በ2005 ሰፋሪዎችን ከጋዛ ሲያስወጣ አንዳንድ ሃይማኖተኞች ይህን ጸሎት ማድረስ አቆሙ፤ አንዳንዶች ቃሉን ለወጡ፤ ሌሎች ግን መሪዎች በተሳሳቱ ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል ብለው ቀጠሉበት። እኔ ወደ መጨረሻዎቹ አደላለሁ፤ ለሹም ማስተዋልን የሚለምን ሰው፣ ሹሙ ማስተዋል ሊጎድለው እንደሚችል በአደባባይ እየተናገረ ነውና፣ ይህን እንደ ድጋፍ መቍጠር ይከብዳል። ንጉሡ በሄደበት ሁሉ ይቅናው የሚለው ነባሩ ጸሎት ግን ለጥርጣሬዎ በር መክፈቱ አይካድም።

ወደፊት ዳግመኛ ቢጋበዙ፣ ጉባኤው ሲቆም አብሮ መቆም አክብሮት ነው፤ ጸሎቱን አብሮ ማለት ከእንግዳ አይጠበቅም። በአሜሪካ ምኩራቦች የጸሎት መጻሕፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ዕብራይስጡን ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ስለሚይዙ፣ ለመሪዎቹ የተለመነው ድል ይሁን ወይስ ማስተዋል ራሱን ጽሑፉን አንብበው መለየት ይችላሉ።