አንድ ረድፍ ምንድን ነው?

ታናናሾቼ፣ «በዳታቤዝ ቋንቋው በኤስኪውኤል ሴሌክትና ጆይን (መረጃ መምረጥና ቴብሎችን ማጣመር) ችለናል፤ ቀጥሎ ምን እንማር?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። የትእዛዝ ዝርዝር እንድሰጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ዝርዝሩ የትም አይጠፋም። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው፦ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የምታቀርቡትን ጥያቄ) ስትጽፉ በየደረጃው «አሁን አንድ ረድፍ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንበኛ ነው? ክፍያ ነው? ወይስ የሁለቱ ቅልቅል?

የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ዳታቤዝ እንውሰድ። አንዲት አባል ሦስት ጊዜ ቆጥባለች፤ 500፣ 500 እና 300 ብር። ብድሯንም ሁለት ጊዜ ከፍላለች፤ 400 እና 600። አባሏን ከቁጠባውም ከክፍያውም ጋር በአንድ ኩዌሪ ጆይን ካደረጋችሁ፣ ሦስቱ በሁለቱ ተባዝተው ስድስት ረድፍ ይወጣል። በሳም ስትደምሩት 1,300 የነበረው ቁጠባ 2,600 ይሆናል። 1,000 የነበረው ክፍያም 3,000 ይገባል። ኤረር የሚባል ነገር የለም። ሪፖርቱ አምሮበት ይወጣል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ዲስቲንክት (የተደጋገመውን አንዴ ብቻ የሚቆጥር ትእዛዝ) ጣል ያደርግበታል። ጭራሽ ይብሳል! ሁለቱ 500 ብሮች እንደ አንድ ተቆጥረው ቁጠባው 800 ላይ ይወርዳል። የሚሻለው በዊዝ (ጊዜያዊ ውጤትን ስም ሰጥቶ በሚያስቀምጥ ትእዛዝ) ቁጠባውን ለብቻ፣ ክፍያውን ለብቻ በአባል መደመር ነው። ለአንድ አባል አንድ ረድፍ ሲቀር ያኔ አጣምሩ። (እኔ እንደውም ዲስቲንክት ያለበትን ኩዌሪ ሳይ መጠርጠር ይቀናኛል።)

ዊንዶው ፈንክሽንም በዚሁ ጥያቄ ካያችሁት አያስፈራም። ግሩፕ ባይ ረድፎቹን ጨምቆ አንድ ያደርጋቸዋል። የዊንዶው ፈንክሽን መለያ የሆነው ኦቨር ግን ረድፉን እንዳለ ትቶ ስሌቱን አጠገቡ ያስቀምጥላችኋል። እያንዳንዱ ቁጠባ በገባ ቁጥር ሒሳቡ ስንት እንደደረሰ የምታሳዩት በዚህ ነው። ታዲያ በቀን ብቻ ከደረደራችሁት፣ በአንድ ቀን የገቡ ሁለት ቁጠባዎች እኩል ድምር ይዘው ቁጭ ይላሉ። ከቀኑ ቀጥሎ የግብይት ቁጥሩን ጨምሩበት። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ዊንዶው ፈንክሽንን ያገኘው በ8.0 ስሪቱ ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ.። ስለዚህ አሮጌ ኮድ ውስጥ የተወሳሰበ ሰብኩዌሪ (ኩዌሪ ውስጥ ያለ ኩዌሪ) ስታዩ በጻፈው ሰው አትሳቁ።

ናል (ዋጋው ያልታወቀ ባዶ ቦታ) ሌላ ጣጣ ነው። ኖት ኢን («ከእነዚህ ውስጥ የሌለ» የሚለው) ውስጥ ያለው ሰብኩዌሪ አንዲት ናል ከመለሰ፣ ውጤታችሁ ባዶ ነው። በምትኩ ኖት ኤግዚስትስ ልመዱ።

ለፍጥነት ደግሞ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይሠራል። በጄኔሬት ሲሪስ (ተከታታይ ረድፎችን በሚያመርት ፈንክሽን) አንድ ሚሊዮን ረድፍ ሙሉበት፤ ሃያ ረድፍ ላይማ ሁሉም ኩዌሪ ፈጣን ነው። የቀኑ ኮለም ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ሥሩና የአንድ ቀን መረጃ ፈልጉ። አንዴ ቀኑን ፈንክሽን ውስጥ ከትታችሁ፣ አንዴ «ከዚህ እስከዚህ» ብላችሁ። ሁለቱንም በኤክስፕሌይን አናላይዝ (ኩዌሪው እንዴት እንደሄደና ስንት ጊዜ እንደፈጀ በሚያሳየው ትእዛዝ) እዩዋቸው። የመጀመሪያው ኢንዴክሱን ዞር ብሎም አያየው፤ ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል።

ብቻ ኤክስፕሌይን አናላይዝ ኩዌሪውን የምር ነው የሚያስኬደው። ዲሊት ላይ ከሞከራችሁት ረድፎቹ ይጠፋሉ። አስቀድማችሁ ቢጊን በሉ፤ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ሮልባክ፤ ያን ጊዜ ለውጡ ይሰረዛል።