ጋዌይን፣ መቀነቱና አረንጓዴው ፈረሰኛ፦ ጥያቄና መልስ

«ሰር ጋዌይን እና አረንጓዴው ፈረሰኛ» በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ የተጻፈ ግጥም ነው፤ ዘውጉም ሮማንስ ይባላል። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚማሩ ልጆች ንባብ ዝርዝራቸው ላይ ሲያዩት ይደነግጣሉ። እኔ ግጥሙን ለብዙ ዓመት ሳስተምር ስለኖርኩ፣ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይምጣ ብዬ ነበር። መጣችሁ፣ ደስ ብሎኛል።

ላላነበባችሁ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በንጉሥ አርተር ቤተ መንግሥት፣ በካሜሎት፣ የአዲስ ዓመት ግብር ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ከነፈረሱ ዘው ይላል። ሰውዬውም ፈረሱም አረንጓዴ ናቸው። «አንድ ጊዜ በዚህ መጥረቢያ ምቱኝ፤ ከዓመት ከአንድ ቀን በኋላ እኔ በተራዬ እመታለሁ» ይላል። የአርተር የእኅት ልጅ ጋዌይን ተነሥቶ አንገቱን ይቀላዋል። ሰውዬው ግን ጭንቅላቱን ከመሬት አንሥቶ፣ ቀጠሮውን አስታውሶ፣ ፈረሱን ጋልቦ ይሄዳል። ዓመቱ ሲቃረብ ጋዌይን ፍለጋ ይወጣል። መንገድ ላይ በርቲላክ በሚባል ጌታ ግንብ ያድራል። ሁለቱ ይዋዋላሉ፦ ጌታው አድኖ ያገኘውን ለጋዌይን ይሰጣል፣ ጋዌይን ደግሞ ቤት ውሎ ያገኘውን ለጌታው። ሦስት ቀን በተከታታይ የጌታው ሚስት መኝታ ክፍሉ ድረስ ትመጣበታለች።

ጋሼ፣ እኔ ሮማንስ ሲባል የፍቅር ታሪክ ነበር የመሰለኝ። እዚህ ሰው አንገት ይቀላል። ዘውጉ በትክክል ምንድን ነው?

ፍቅር ሊኖርበት ይችላል፤ የግድ ግን አይደለም። በ12ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈ ትረካ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ስሙ በዚያው ጸና። አንቺ ይልቅ ቅርጹን ያዢ። ፈረሰኛ ከቤተ መንግሥት ይወጣል። በማያውቀው አገር ይፈተናል። ተፈትኖ ይመለሳል። ይህን መንገድ ካስያዙት አንዱ ፈረንሳዊው ክሬትየን ደ ትሯ ነው። ስለ ላንስሎት፣ ስለ ኢቫንና ስለ ፐርሲቫል የጻፈው እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ኪንግ ሆርን» እና «ሀቭሎክ»ን የመሳሰሉ መጡ። ዘውጉ ምን ያህል እንደተለመደ ለማወቅ የ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ ቾሰርን ማየት ነው። «ሰር ቶፓስ» በሚለው ግጥሙ አፌዘበት። ሰው በማያውቀው ነገር ደግሞ አይፌዝም።

ዘውጉን እንደ ሕግ ዝርዝር አትቁጠሪው። አንባቢ ምን እንደሚጠብቅ የሚወስን ልማድ ነው። የእኛ ገጣሚ ይህን ልማድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጋዌይን መንገድ ላይ ከዘንዶ፣ ከተኩላ፣ ከድብና ከግዙፋን ጋር ይዋጋል። ሌላ ሮማንስ ቢሆን ገጽ በገጽ ይተርከው ነበር። እዚህ ግን በጥቂት ስንኝ ያልፋል። ከውጊያው የባሰው ክረምቱ ነበር ይለናል። ጋዌይን ከነብረት ልብሱ፣ ዐለት ላይ፣ በብርድ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ተኝቶ እናገኘዋለን።

ደራሲው ማን ነው?

ስሙ አልተጻፈም። ከቾሰር ጋር ዘመነኛ ነው። ቋንቋው ግን የለንደን አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ሚድላንድስ፣ በቼሸርና በስታፎርድሸር አካባቢ ይነገር የነበረ ነው። ጋዌይን ራሱ በዚያው በኩል ያልፋል፤ በሰሜን ዌልስ፣ አንግልሲን በግራ ትቶ፣ ወደ ዊራል ዱር።

ግጥሙ የተረፈው በአንድ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ያው መጽሐፍ «ፐርል»፣ «ክሊንነስ» እና «ፔሸንስ» የሚባሉ ሦስት ግጥሞችንና 12 ሥዕሎችን ይዟል። አራቱም የአንድ ሰው ሥራ ናቸው የሚለው ሐሳብ በሰፊው ተቀባይነት አለው። መጽሐፉ የሰር ሮበርት ኮተን ስብስብ ውስጥ ነበር። ኮተን የመጻሕፍት ሣጥኖቹን በላያቸው ባስቀመጣቸው የሮም ነገሥታት ምስል ስለሚጠራቸው፣ እስካሁን መለያው «ኮተን ኔሮ» ነው። በ1731 ስብስቡ ያለበት ቤት በእሳት ተያያዘ። የጥንቱ የእንግሊዝኛ ግጥም የ«ቤዎውልፍ» ብራና ጠርዙ ተቃጠለ፤ ይሄኛው ተረፈ። ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1839 ነው። ከዚያ በፊት ማን ያውቀው ነበር? ማንም ለማለት ይቻላል።

ቋንቋው አልገባኝም። በትርጉም ባነብ ነውር ነው?

ምን ነውር አለው? እንግሊዞቹም በትርጉም ነው የሚያነቡት። በቶልኪን የተተረጎመው በ1975፣ በሳይመን አርሚታጅ የተተረጎመው በ2007 ወጥቷል። ቶልኪን ከኢ. ቪ. ጎርደን ጋር በ1925 የመጀመሪያውን ቋንቋ ለተማሪ አዘጋጅቶ አሳትሟል። ትርጉሙን ያዝና ዋናውን ከጎኑ ከፍተህ ጥቂት ስንኝ ጮክ ብለህ አንብብ።

ለምን ጮክ ብለህ? ምክንያቱም ግጥሙ የተሠራው ለጆሮ ነው። በአማርኛ ግጥም ስንኙ መጨረሻው ላይ ቤት ይመታል። እዚህ ግን በአንድ ስንኝ ውስጥ ያሉ ዋና ዋና ቃላት በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ትሮይ ከበባ ሲናገር «ስ» «ስ» እያለ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ አንጓ ረዣዥም ስንኞችን ካስኬደ በኋላ ግን ድንገት ይቆማል። ሁለት ቀለም የምታህል ቁራጭ ትመጣለች። ከሷ ቀጥሎ ቤት የሚመቱ አራት አጫጭር ስንኞች ይከተላሉ። ገጣሚው ቀልዱንም ድንጋጤውንም እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ዐይንህን እዚያ ላይ ጣል።

ለምን አረንጓዴ? ሰይጣን ነው? ተፈጥሮን ይወክላል?

ሲገባ እዩት። በአንድ እጁ የሆሊ ቅርንጫፍ፣ በሌላው መጥረቢያ ይዟል። ሆሊ በክረምት የማይረግፍ ዛፍ ነው፤ ሰውዬውም በሰላም መጣሁ ይልበታል። አንዱን እጅ ብቻ አይቶ የሚተረጉም ሰው ሌላውን እጅ ማስረዳት ያቅተዋል።

የጋዌይን ጋሻ ላይ ያለው ኮከብ ይህን ያህል ማብራሪያ ምን አስፈለገው?

ገጣሚው ራሱ «ታሪኩን ቢያዘገይብኝም እናገራለሁ» ብሎ ነው የሚገባበት። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነው፤ መስመሩ አይቋረጥም። የእውነተኝነት ምልክት እንዲሆን የሠራው ንጉሥ ሰለሞን ነው ይላል። ከዚያ አምስት ጊዜ አምስት ይቆጥራል፦ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት፣ አምስቱ ጣቶች፣ የክርስቶስ አምስቱ ቁስሎች፣ የእመቤታችን አምስቱ ደስታዎች፣ በመጨረሻም ልግስና፣ ባልንጀርነት፣ ንጽሕና፣ ጨዋነትና ርኅራኄ። አምስቱን ቅንዋት እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ አቆጣጠር እንግዳ አይሆንበትም። በጋሻው ውስጠኛ ገጽ የማርያም ሥዕል አለ። የመስመሩን አለመቋረጥ ግን አትርሱ። አንዱ ጫፍ ከላላ ሁሉም ይላላል ማለት ነው።

የአደኑ ዝርዝር አሰልቺ ነው። አጋዘን ሲበለት ገጽ ሙሉ! ብዘለው ምን ይቀርብኛል?

ግጥሙ ይቀርሻል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ቦታ ስለሆነ።

ገጣሚው ሦስቱንም ቀን በአደን ይጀምራል። መሀል ላይ አቋርጦ መኝታ ክፍል ይወስደናል። ከዚያ ወደ አደኑ ይመልሰናል። ውጭ ጩኸት፣ ውሻ፣ ደም። ውስጥ መጋረጃ፣ ሹክሹክታ፣ ጨዋታ። በመጀመሪያው ቀን የሚታደኑት አጋዘኖች ናቸው፤ ይደነብራሉ፣ ይሸሻሉ። ጋዌይንም ሴትዮዋ ስትገባ ምን ያደርጋል? የተኛ ይመስላል። ያ ሁሉ ዘንዶ የገደለ ጀግና! በሁለተኛው ቀን የዱር አሳማ ነው፤ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። እሷም በዚያ ቀን ፊት ለፊት ትመጣለች። በሦስተኛው ቀን ቀበሮ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ያታልላል። ጌታው ሰይፍ ሲሰነዝርበት ሸሸት ሲል ውሾቹ እጅ ይወድቃል። በዚያው ቀን ጋዌይን የወርቅ ቀለበት እምቢ ካለ በኋላ አረንጓዴ መቀነት ይቀበላል። «ይህን የታጠቀ አይሞትም» ብላዋለች። ማታ ሦስት መሳም ለጌታው ያስረክባል። መቀነቱን ይደብቃል።

ከዚያ መጥረቢያው ሥር ሲንበረከክ፣ የመጀመሪያው ምት ሲሰነዘር ትከሻውን ሸሸት ያደርጋል። ልክ እንደ ቀበሮው። አደኑን የዘለለ ሰው ይህን አያየውም።

ሌላም አለ። ሴትዮዋ የምታጠምደው በውበቷ ብቻ አይደለም። «አንተ ጋዌይን አይደለህም፤ ጋዌይን ቢሆን ኖሮ መሳም ይጠይቅ ነበር» ትለዋለች። በሁለተኛው ቀን ደግሞ የፈረሰኞች ታሪክ ርእሱም ፍሬ ነገሩም ፍቅር መሆኑን ጠቅሳ፣ አንተስ ለምን ስለ ፍቅር አታወራኝም ትለዋለች። እንግዲህ ይህች ሴት ሮማንስ አንባቢ ናት! በፈረንሳይኛዎቹ ታሪኮች ጋዌይን ሴት ወዳድ ተብሎ ታውቋል። ያ ስም ቀድሞት ግንቡ ውስጥ ገብቷል። ለእኔ የግጥሙ ትልቁ ነገር ይህ ነው። መጥረቢያው ያስፈራል፤ ጋዌይንን ጥግ የሚያስይዘው ግን የገዛ ዘውጉ ነው። እምቢ ቢል ባለጌ ነው። እሺ ቢል ያስተናገደውን ጌታ ከዳ። ጨዋነትና ንጽሕና ኮከቡ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀላል ይመስሉ ነበር።

ታዲያ በመጨረሻ አለፈ ወይስ ወደቀ? እኔና ጓደኛዬ ተጣልተናል።

ገጣሚው ሦስት ዳኞች አስቀምጦ ዞር ብሏል። አረንጓዴው ፈረሰኛ በርቲላክ ራሱ ነው። ሁለቱን ምቶች ሳያደርስ መለሳቸው፤ ሁለቱን ቀን ጋዌይን ውሉን ስለጠበቀ ነው። በሦስተኛው አንገቱን ጫር አደረገው፤ ስለ መቀነቱ። ከዚያ «ሕይወትህን ስለወደድክ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልወቅስህም» አለው፤ ከሌሎች ፈረሰኞች ጋር ሲተያይ ከነጭ አተር አጠገብ ያለ ዕንቁ ነው አለው። ሁለተኛው ዳኛ ጋዌይን ነው። ራሱን ፈሪና ስስታም ብሎ ይራገማል፤ መቀነቱንም የኀፍረት ምልክት አድርጎ ይታጠቃል። ሦስተኛው የአርተር ቤተ መንግሥት ነው። ይስቃሉ። ሁላችንም አረንጓዴ እንታጠቅ ይላሉ፤ የክብር ምልክትም ይሆናል።

እኔን ከጠየቃችሁ ፈረሰኛው ልክ ነው፤ ጋዌይን ትንሽ አብዝቷል። የሚረብሸኝ ሳቁ ነው። ከልብ የወጣ ማጽናናት ሊሆን ይችላል። ምንም አልገባቸውም ማለትም ሊሆን ይችላል። አንተና ጓደኛህ ከመታረቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጨምሩ፦ ጋዌይን መቀነቱን ከወሰደ በኋላ ቄስ ዘንድ ሄዶ ይናዘዛል፤ ግን አልመለሰውም። ያ ኑዛዜ ሙሉ ነው? ክርክሩ እዚያ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ጋዌይን ሲጋለጥ ሴቶችን መሳደቡ ግጥሙን አያበላሸውም? በዚያ ላይ ሁሉም በበርቲላክ ግንብ የምትኖረው አስማተኛ የሞርጋን ሥራ ነው ተባለ።

ስድብ ነው፣ አልሸፋፍነውም። አዳም፣ ሰለሞን፣ ሳምሶንና ዳዊት በሴት ተታለሉ፣ እኔም ብታለል ይቅር ይባልልኝ ይላል። በዚያን ዘመን ስብከት የተለመደ ዝርዝር ነው። ግን ሰለሞንን አየሽው? ጋሻው ላይ የእውነት ምልክት ሠሪ ነበር። እዚህ ከተታለሉት ጋር ተሰለፈ። ገጣሚው ይህን ሳያውቅ አደረገው ብዬ አላምንም። ሁልጊዜ ጨዋ የሆነው ሰው ጨዋነቱን የጣለባት ቅጽበት ናት።

የሞርጋን ነገር፣ እውነት ለመናገር፣ እኔንም አያረካኝም። የአርተርን ሚስት ንግሥት ጉዊነቪርን አስደንግጦ ለመግደል ተብሎ ይህ ሁሉ ድካም?

በ2021 የወጣውን ፊልም ካየሁ ይበቃኛል?

አይበቃም። ፊልሙ ቆንጆ ነው፣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ ጋዌይን ገና ፈረሰኛ ለመሆን የሚንገዳገድ ወጣት ነው። ግጥሙ ውስጥ ስሙ የገነነ ነው፤ መከራውም የመጣው ከስሙ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር በግእዝ አለ?

የአርተር ታሪክ በግእዝ አላጋጠመኝም። ግን አንድ እውነተኛ ዝምድና አለ፤ ታላቁ እስክንድር። በግሪክኛ የተጀመረው አፈ ታሪኩ በአንድ በኩል በላቲንና በፈረንሳይኛ አድርጎ እንግሊዝ ገባ፤ «ኪንግ አሊሳውንደር» የሚባለው የእንግሊዝኛ ሮማንስ ከዚያ የመጣ ነው። በሌላ በኩል በዐረብኛ በኩል ግእዝ ደረሰ። የግእዙን «ዜና እስክንድር» ወሊስ ባጅ በ1896 አሳትሞታል። የእንግሊዙ እስክንድር የፈረሰኛ አለቃ መስሏል። የእኛው በአንድ አምላክ የሚያምን፣ ንጽሕናን የሚጠብቅ ንጉሥ ሆኗል። የማስተርስ ርእስ ለምትፈልጉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ጥሩ ሥራ ነው።

ጋሼ፣ ፈተና ደርሷል። «ግጥሙ ሮማንስ ነው ወይስ የሮማንስ ትችት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል ተብለናል። ከየት ልጀምር?

ከትርጓሜ አትጀምር፤ መምህሩ ትርጓሜውን ያውቀዋል። ፈረሰኛ ሲታጠቅ ማሳየት የሮማንስ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ከካሜሎት ሲወጣ፣ በኮከቡ ምልክት። ሁለተኛ ከበርቲላክ ግንብ ሲወጣ፤ ያንኑ ምልክት የያዘ ልብስ ለብሶ መቀነቱን በላዩ ይጠመጥማል። ገጣሚው ለጌጥ አይደለም፣ ነፍሱን ለማትረፍ ነው ይላል። ሁለቱን ትዕይንቶች አወዳድር። አንዳቸው ውስጥ ያለ፣ ሌላው ውስጥ የሌለ ነገር ፈልግ። ከአንድ ገጽ በላይ ትጽፋለህ።