ቪትዟ ደንገጎ ላይ ለምን ታስባለች?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ2007 ሞዴል አውቶማቲክ ቪትዝ አለህ፤ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ አንድ ሁለት ሰከንድ ዝም ትልና ከዚያ ትነሳለች። አንዱ መካኒክ ትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ቀይር ብሎሃል፣ ሌላው ፔዳሉ ላይ የሚሰካ ቡስተር ግዛ ብሎሃል። አቦ፣ ለጊዜው አንዱንም አትግዛ። እኔም ቪትዝ ነው የምነዳው፤ በዚሁ ዳገት በዚሁ ነገር ገንዘቤን በትኛለሁ።

በአንተ መኪና ላይ እግርህ ነዳጅ አይሰጥም፣ ይጠይቃል እንጂ። ሐረር ስንት ዘመን ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ፔጆ 404ዎች ላይ ፔዳሉ ከካርቡራተሩ ጋር በብረት የተያያዘ ነው፤ ጣትህን ብታነቃንቅ ሞተሩ ይሰማዋል። የአንተ ላይ ግን ፔዳሉ ውስጥ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ምን ያህል እንደረገጥክ ለኮምፒውተሩ ይናገራሉ፤ እሱ ደግሞ የሞተሩን ፍጥነት፣ ማርሹንና ሙቀቱን አይቶ በትንሽ ሞተር ትሮትል ቦዲው ውስጥ ያለውን፣ አየር የሚያስገባውን ክብ መዝጊያ ይከፍታል። ሁለት የሆኑት አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ነው፤ ካልተስማሙ ቼክ ኢንጅን ይበራና መኪናዋ እየተንፏቀቀች ብቻ ቤት ታደርስሃለች። አንተ መብራት በራ አላልክም፣ ይህ ጥሩ ዜና ነው።

ስለዚህ የተወሰነው መዘግየት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጉዞው እንዳይንገጫገጭ፣ ነዳጅ እንዳይባክን። ቡስተር የተባለው ዕቃ የሚያደርገው መዋሸት ነው። አንተ 30 በመቶ ስትረግጥ ለኮምፒውተሩ 60 ይለዋል። እስከ ወለሉ ከረገጥክ ግን ኖረ አልኖረ ያው 100 ነው፣ አንድ የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። ደንገጎ ላይ ደግሞ ሁላችንም እስከ ወለሉ ነው የምንረግጠው! ጓደኛዬ አስገጥሞት ነበር፤ ከዚራ በባጃጅ መሀል መኪናዋ እንደ ፌንጣ ስትዘልበት ራሱ ነቅሎ ጣለው።

ወደ እኔ ታሪክ ልምጣ። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ማንም ሳይፈትሽ ‘ትሮትል ቦዲው አልቋል’ ተባልኩ። ያገለገለ ተፈልጎ ተገጠመ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ባለቤቴ እዚህ ግሩፕ አለች። በነጋታው ደንገጎ ወጣሁ፣ ያው ናት። በንዴት እሑድ ጠዋት የአየር ቱቦዋን ፈትቼ፣ ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ የእህቴን ልጅ ፔዳሉን እርገጥ አልኩት። በስልኬ መብራት አየሁ፦ መዝጊያዋ ትከፈትና መሀል ትንሽ አልፋ ትቆማለች። ‘ጨርሰህ እርገጥ እንጂ!’ ስለው ‘ጨርሻለሁ፣ ምንጣፉ ነው የያዘኝ’ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ወፍራም ምንጣፍ ታጥፎ ፔዳሉ ስር ገብቷል። ሳነሳው መዝጊያዋ ሙሉ በሙሉ ተከፈተች። ያን ሁሉ ጊዜ ሙሉ የረገጥኩ እየመሰለኝ ግማሽ ስጠይቅ ነበር። (ምንጣፍ ፔዳሉን ይዞ ሊያስቀረውም ይችላል፣ እሱ የባሰ ነው፤ በማሰሪያው እሰረው።)

አንተም ቅዳሜ ይህንኑ አድርግ። መዝጊያዋ ሙሉ ከተከፈተች ጠርዟን እይ፤ ጥቁር ጥላሸት ካለ በማጽጃ ስፕሬይና በጨርቅ ጥረገው፣ ግን ባትሪውን ነቅለህ እንጂ ቁልፍ ተከፍቶ ጣትህን አታስገባ። ከዚያ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ትንሽ ሊዛባ ይችላል። ኤሲ ሳትከፍት እስኪሞቅ በቆመችበት አስነሳት፣ ራሷ ትማራለች። የአየር ፊልትሮውንም አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው። በድሬ አቧራ የኔ ብርሃን የሚባል አላሳለፈም፤ ከምንጣፉ ቀጥሎ ለውጥ ያየሁት እሱን ስቀይር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚቀር መዘግየት አለ፣ እሱ የማርሹና የአየሩ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደንገጎ ላይ ከ2,000 ታልፋለህ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ትንሿ ቪትዝ አራት ሰውና ሻንጣ ይዛ ኤሲ ሲጨመርባት ምን ይቀራታል? አውቶማቲኩም መጀመሪያ ማርሽ መቀነስ አለበት፤ ያቺ የምታስብባት ሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ስለዚህ ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ አትርገጥ፣ ሳትደርስ ማርሹን ራስህ ዝቅ አድርገህ ቀድመህ ጠይቃት። ኤሲውንም ዳገቱ ስር ዝጋው፤ ሙቀቱን ትንሽ ከታገስክ ወደ ላይ በመስኮት የሚገባው ንፋስ ይበቃሃል። ስትመለስም በዚያው ዝቅተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬንህ እንዳይነድ።

ምንጣፉን አንስተህ፣ አጽድተህ፣ ፊልትሮ ቀይረህም መዝጊያዋ እየተንቀጠቀጠች ከተከፈተች ወይም ከቆመች፣ ያኔ ትሮትል ቦዲውን እንጠርጥር። የኔ የድሮው ጤነኛው ጓዳ ውስጥ በካርቶን ተቀምጧል፤ ሞተራችን አንድ ዓይነት ከሆነ ለመሞከሪያ ወስደህ ትመልስልኛለህ።