«ሕዝበ ውሳኔ» ወይስ «ውሳኔ ሕዝብ»?

ጥያቄ፦ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ በአማርኛ ሲጻፍ አንዱ «ሕዝበ ውሳኔ»፣ ሌላው «ውሳኔ ሕዝብ»፣ ሌላው ደግሞ «ሪፈረንደም» ይላል። ትክክለኛው የትኛው ነው? ምክር ቤቱን በሕግ የማያስገድድ ድምፅስ «ውሳኔ» ሊባል ይገባዋል?

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ነገር ግን የሐረጉ አሠራር ሳይጠራ ትርጉሙ ስለማይጠራ ከሰዋስው እጀምራለሁ።

«ሕዝበ ውሳኔ» በግእዝ ሥርዓት ከተነበበ «የውሳኔ ሕዝብ» ማለት እንጂ «የሕዝብ ውሳኔ» ማለት አይደለም። በግእዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ ባለቤቱ (የሚዘረዘረው ስም) ይቀድማል፣ ዘርፉ (የማን ወይም የምን እንደሆነ የሚናገረው) ይከተላል፤ በሳድስ (እንደ «ብ» ባለው ስድስተኛ ፊደል) የሚጨርሰው ባለቤት መጨረሻው ወደ ግእዝ (እንደ «በ» ወዳለው አንደኛ ፊደል) ይለወጣል፣ በኃምስ (እንደ «ኔ» ባለው አምስተኛ ፊደል) የሚጨርሰው ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ «ሕገ መንግሥት» የመንግሥት ሕግ፣ «ሕዝበ ክርስቲያን» የክርስቲያን ሕዝብ ነው። «ውሳኔ» የተቀረጸው «ውዳሴ» እና «ቅዳሴ» በተቀረጹበት መልክ ነው፤ «ውዳሴ ማርያም» ብሎ ያደገ ሰው «ማርያመ ውዳሴ» ሲባል ቢሰማ ጆሮው እንደሚሻክረው ሁሉ፣ የእኔም ጆሮ «ሕዝበ ውሳኔ»ን ሲሰማ ይሻክረዋል። በሥርዓቱ የተሠራው «ውሳኔ ሕዝብ» ነው።

ሐረጉ አማርኛ እንጂ ግእዝ አይደለም፣ በአማርኛ ደግሞ ዘርፍ ከባለቤቱ ስለሚቀድም «ሕዝበ ውሳኔ» አይነቀፍም የሚሉ አሉ፤ ምስክር አድርገው የሚጠሩትም «ልበ ሙሉ»ንና «ሆደ ሰፊ»ን ነው። ምስክሮቹ ግን ለሌላ ጉዳይ የቆሙ ናቸው። በሁለቱም ሐረጎች ኋላ የመጣው ቃል ቅጽል ነው፤ «ልቡ ሙሉ የሆነ»፣ «ሆዱ ሰፊ የሆነ» ተብሎ ይፈታል፤ «ውሳኔ» ግን ቅጽል ስላልሆነ «ሕዝቡ ውሳኔ የሆነ» ተብሎ አይፈታም። አማርኛ ሁለት ስሞችን በራሱ ቅደም ተከተል ሲያጣምር ደግሞ ፊደል ሳይለውጥ «ምክር ቤት»፣ «ፍርድ ቤት» ይላል፤ «ፍርደ ቤት» ያለ አልሰማሁም። «ሕዝበ ውሳኔ» ቅደም ተከተሉን ከአማርኛ፣ የመጨረሻ ድምፁን ከግእዝ ወስዶ ከሁለቱም ሕግ ውጭ የቆመ ሐረግ ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ የማልክደው ነገር አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 «ሕዝበ ውሳኔ» ብሎ ጽፏል፤ የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠውም በዚሁ ስም ነው። በሕግ የታተመንና ሰው ተሰልፎ ድምፅ የሰጠበትን ቃል ሰዋሰኛ ሊሽረው አይችልም፤ ስለዚህ ሌላው ሲጽፈው አላርምም፣ እኔ ግን «ውሳኔ ሕዝብ» እላለሁ። «ሪፈረንደም» የላቲን ቃል ሲሆን ፍቺው «ተመልሶ ሊቀርብ የሚገባው ጉዳይ» ነው፤ ስለ ቀረበው ጉዳይ እንጂ ስለ ተሰጠው መልስ የማይናገር በመሆኑ ከሁለቱ የአማርኛ ሐረጎች ይልቅ ጥንቁቅ መሆኑን ባልወድደውም እቀበላለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። «ወሰነ» ወሰን አበጀ፣ ድንበር ከለለ ማለት ነው፤ «ውሳኔ» የሚባለውም እዚህ ላይ ያበቃል የሚያሰኝ ነገር ነው። በአየርላንድ ሕገ መንግሥት የሚሻሻለው በሕዝብ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቃሉ በትክክል ይገባል። በዴንማርክም ሕገ መንግሥቱ በሚያዘው መሠረት፣ የመንግሥትን ሥልጣን ለኅብረቱ ለማስተላለፍ ከምክር ቤቱ አባላት ስድስት እጅ አምስቱ ካልደገፉት ጉዳዩ ወደ ሕዝብ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2016 በብሪታንያ የተሰጠው ድምፅ ግን፣ 51.9 በመቶው መውጣትን ቢመርጥም፣ በሕግ ረገድ ምክር ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጥር 2017 ያለ ፓርላማ ሕግ መንግሥት የመውጣት ማስታወቂያ ሊሰጥ አይችልም ሲል ፈርዷል። በኔዘርላንድስ በሚያዝያ 2016 ከዩክሬን ጋር ስለተደረገው የአጋርነት ስምምነት ድምፅ ከሰጡት 61 በመቶው ተቃወሙ፤ ስምምነቱ ግን የኋላ ኋላ ጸደቀ። ይህን «ውሳኔ» ብሎ መጥራት አንባቢን ማሳሳት ነው። እንዲህ ላለው «ምክረ ሕዝብ» ብንል እወድዳለሁ፤ ሐረጉ በሥርዓት ተናብቧል፣ ትርጉሙም ልክ ነው። የሚጠቀምበት ሰው አለመኖሩ ምርጫዬን አያስለውጠኝም። መጠይቅ በትኖ የሚሰበሰበው «የሕዝብ አስተያየት» ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ኅብረቱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየጊዜው የሚያስጠናው የዜጎች አስተያየት ማንንም አያስገድድም፣ የድምፅ መስጫ ኮሮጆም የለውም።

አየርላንድ በ2008 የኅብረቱን አሠራር የሚያሻሽለውን የሊዝበንን ውል 53.4 በመቶ በሆነ ድምፅ ጥላ በ2009 በ67.1 በመቶ መቀበሏን አይቶ «ታዲያ የመጀመሪያው ምን ውሳኔ ነው?» የሚል ይኖራል። እኔ ውሳኔ ነበር እላለሁ። ወሰን ያበጀ ባለቤት ወሰኑን ራሱ ሊያዛውረው ይችላል፤ በአየርላንድ ያዛወረውም ያው ድምፅ ሰጪ ሕዝብ ነው። በኔዘርላንድስ ግን ከድምፁ በኋላ ነገሩን የቋጩት መንግሥቱና ምክር ቤቱ ናቸው።

አንባቢው ያልጠየቀኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ «የአውሮፓ ሕዝበ ውሳኔ» የሚል ርእስ እየተለመደ ነውና። በኅብረቱ ሙሉ ግዛት በአንድ ቀን ለአንድ ጥያቄ ድምፅ የተሰጠበት ጊዜ የለም፤ ድምፅ የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር በየራሱ ሕግ ነው። የኅብረቱ መነሻ የሆነው፣ በ1957 በሮም የተፈረመው ውል መግቢያም የሚናገረው በአውሮፓ ሕዝቦች መካከል እየጠነከረ ስለሚሄድ ኅብረት እንጂ ስለ አንድ ሕዝብ አይደለም። የግእዙ ብዙ ቁጥር «አሕዛብ» ለዚህ በተመቸ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ በመጻሕፍት ከእምነት ውጭ ላሉት ስም ሆኖ ስለጸና «አሕዛበ አውሮፓ» ያለ ጸሐፊ ሰድቦ ያልፋል፤ ስለዚህ «ሕዝቦች» በሚለው እንጸናለን። «ኅብረት» የሚለውም ቃል ለዚሁ ይስማማል፤ ሥሩ «ኀበረ» ስለሆነ በብዙኃኑ ኀ እንጂ በሐመሩ ሐ አይጻፍም፣ የሚያመለክተውም የተለያዩ ነገሮች መተባበራቸውን ነው። ስለዚህ በ2005 የአውሮፓን ሕገ መንግሥት ረቂቅ የጣሉት 54.7 በመቶ ፈረንሳውያንና 61.5 በመቶ ደቾች ናቸው፤ «የአውሮፓ ሕዝብ ጣለው» ተብሎ ሲጻፍ ካየሁ ግን፣ የሐረጉን ቅደም ተከተል ትቼ ይህን አርማለሁ።