ያ 50 ብር

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈር ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ አሮጌ ዴል ላፕቶፕ አለኝ። ቻርጀሩን ካላጣመምኩት አይዝም፣ ጌም ስከፍትም ይንቀራፈፋል። ጃኩን፣ ቻርጀሩ የሚሰካበትን፣ ራሴ ብበይደውስ?» እንቅልፍ ነሳኝ።

2000 ዓ.ም ነው፣ ሚሊኒየሙ። ፒያሳ በተከራየኋት ጠባብ ሱቅ ቴፕና ራዲዮ እጠግናለሁ። አንዲት ተማሪ ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ መጣች። የላከችላት ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህቷ ናት። ችግሩ የጃኩ መላላት ብቻ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ ግን ውስጡ አለ። «ይሠራል ጋሼ?» አለችኝ። «ለዚህ ነው?» አልኳት። ላፕቶፕ ከፍቼ አላውቅም ነበር።

መበየጃዬ 40 ዋት ናት፣ ለራዲዮ የምትሆን። የጃኩ አንዱ እግር ደግሞ ቦርዱ ውስጥ ከተነጠፈው ሰፊ መዳብ ጋር ስለተያያዘ ሙቀቱን እንዳለ ይጠጣዋል። እኔ የማውቀው ሊድ፣ ቀልጦ እግሩን ከቦርዱ የሚያጣብቀው ብረት፣ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። የላፕቶፑ ሊድ ግን፣ ስሙ ሊድ ይባል እንጂ፣ እርሳስ የለበትም። እንዲህ ያለው 217 ገደማ ይፈልጋል። አውሮፓ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርሳሱን ስለከለከለ ፋብሪካዎቹ ቀይረው ነበር። ፒያሳ ወሬው አልደረሰንም። ዛሬ ቢሆን ሊዱ ደህና እንዲፈስ የሚረዳውን ፍለክስ ቀብቼ፣ ትንሽ የድሮውን ሊድ ጨምሬበት ባንድ ላይ አቀልጠው ነበር።

ያስተማረኝ ሽማግሌ በከሰል የምትግል የመዳብ መበየጃ ነበረችው። ሊዱ እምቢ ሲለው ቡና ያዝዝ ነበር። ጠጥቶ እስኪጨርስ መበየጃዋ ትግላለች። እኔ ቡና አላዘዝኩም። ተናደድኩ። በፒንሳ ያዝኩና ሳብኩት። ቋ አለ። ጃኩ ሲወጣ እግሩ ላይ ቀለበት የምትመስል ቀጭን መዳብ ተጣብቃ ወጣች። ቀለበቷ የቦርዱ ነበረች፣ እግሩን ከቦርዱ መስመር ጋር የምታገናኘው። እንደምንም መልሼ በየድኩና 19 ቮልት ለቀቅኩበት። ጨሰ።

«ቦርዱ ድሮም ተቃጥሎ ነበር» አልኳት። ለምርመራ ብዬ 50 ብር ጠየቅኳት። አሥር አሥር ብር እየቆጠረች ሰጠችኝ፤ «እሺ ጋሼ» ብላ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

ከውሸቱ የባሰም አለ። ሃርድ ዲስኩ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ብሎኖቹን ፈትቼ ባወጣው ጽሑፏን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ልናገኘው እንችል ነበር። አውቅ ነበር። ግን ሌላ ባለሙያ ጋር ሄዳ ሥራዬን እንዳያይብኝ ፈራሁና ዝም አልኩ።

ለልጁ መጀመሪያ «እንዳትነካው» ብዬ ጻፍኩ። የዛሬ ልጆች የ10 ደቂቃ ቪዲዮ በእጥፍ ፍጥነት አይታችሁ መበየጃ ታነሳላችሁ። እኛም ያለ ቪዲዮ ያው ነበርን። ስለዚህ አጠፋሁት። ሳይበይድ መቼ ሊለምድ ነው? የሞተ የራዲዮ ቦርድ ፈልግና ሃያ እግር ነቅለህ መልስ፣ ቀለበቷ ሳትነሳ፣ አልኩት። ባትሪ አውጣ ምናምን አላልኩትም፣ ያን ያውቃል።

የጌሙም ነገር ከጃኩ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የዴል ቻርጀር መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ፒን ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለይባት ናት። እሷ ካልነካች ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ ፋኑን ከአቧራ አጽዳ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀይር። ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ይዘገያል። ራሙ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ጨምር፤ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ከራሙ ነው የሚበደረው። በሃርድ ዲስኩ ፈንታ የሚገባው ፈጣኑ ኤስኤስዲ ጌሙን ቶሎ ይከፍትልሃል፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ብዙ አትጠብቅበት። ምስሉን ከ1080 ወደ 720 ብታወርደው ላፕቶፑ የሚስለው ነጥብ ከግማሽ በታች ይሆናል። ይህን ስነግረው «ያስጠላል» አለኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ!

ቅዳሜ ይዞት ይመጣል። ትናንት ማታ ደግሞ «ስንት ያስከፍሉኛል ጋሼ?» ብሎ ጽፎልኛል። እስካሁን አልመለስኩለትም።